ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም፦ ኦፍላይን ለምትሠሩ የቨርዥን ኮንትሮል አመራረጥ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ሶፍትዌር የሚሠሩ ትንንሽ ቡድኖች ቨርዥን ኮንትሮል (የፋይሎችን ለውጥ በታሪክ መዝግቦ የሚይዝ ሲስተም) ሲጀምሩ ቀድመው የሚያደርጉት ጊትሃብ (ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት መክፈት ነው። ኢንተርኔቱ እስካለ ድረስ ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚታየው መንገድ ሲቆፈር ፋይበር የተቆረጠ ዕለት፣ ፓኬጁ በወሩ አጋማሽ ያለቀ ዕለት፣ ወይም እንደ ሰኔ 2012 ዓ.ም በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ የቆየ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ የሠራውን ለሌላው ማድረስ ያቅታቸዋል፤ መንገዱ በውጭ አገር ሰርቨር በኩል ብቻ የተዘረጋ ስለነበር።

ስለዚህ ምርጫውን በዚህ ጥያቄ ጀምሩት፦ ሥራው ኢንተርኔት ሳይነካ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በምን ይሄዳል? «ያለ ኢንተርኔት ኮሚት ያደርጋል» (ለውጥን ታሪኩ ላይ ይመዘግባል) የሚለውን መስፈርት ዛሬ አብዛኞቹ ያሟላሉ፤ ልዩነቱ የሚወጣው ሥራውን በማቀባበሉ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚያ ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

1. የእናንተ «ኦፍላይን» የትኛው እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ሰው ኦፍላይን ሲል አንድ ነገር ማለቱ አይደለም። አራት ዓይነት ሁኔታ አለ፤ የእናንተን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አንደኛው፣ ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ ተማሪ፣ ቤቱ ሆኖ ዌብሳይት የሚሠራ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። ለእናንተ ማቀባበል የሚባል ነገር የለም፤ የሚያስፈልጋችሁ ታሪኩ ከላፕቶፑ ሌላ ሁለተኛ ማደሪያ ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁላችሁም አንድ ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ከውጭ ያለው ኢንተርኔት ብቻ ሲጠፋ ነው። የቢሮው ራውተር መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ኮምፒውተሮቹም እርስ በርስ ይተያያሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። ኢንተርኔት የለም ማለት ኔትወርክ የለም ማለት አይደለም፤ የቢሮው ውስጣዊ ኔትወርክ ካለ ምርጫችሁ በጣም ሰፊ ነው።

ሦስተኛው፣ በተለያየ ቦታ እየሠራችሁ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በአካል የምትገናኙ ከሆነ ነው። አንዷ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፣ አንዱ ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ መሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ማታ ይሠራል፣ ሐሙስ ሐሙስ ይገናኛሉ። ሥራው የሚሄደው በፍላሽ ነው።

አራተኛው፣ ኢንተርኔት አለ ግን ውድና ቀርፋፋ ነው። በቀን የተወሰነ ሜጋባይት ብቻ መጠቀም ትችላላችሁ። ይህ ከሦስተኛው ጋር ይመሳሰላል፤ የምትልኩት ነገር ትንሽ መሆን አለበት።

2. የምታስቀምጡት ፋይል ምን እንደሆነ እዩ

ንጹህ ጽሑፍ ከሆነ፣ ማለትም ኮድ፣ ማርክዳውን፣ ሲኤስቪ ከሆነ፣ ሁሉም ሲስተም በደንብ ይይዘዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ፋይል በየፊናቸው ቢነኩም መቀላቀል ይቻላል።

የዎርድ ሰነድ፣ የፎቶሾፕ ፋይል፣ የአውቶካድ ሥዕል ከሆነ ግን መቀላቀል አይቻልም። ሲስተሙ የእናንተንና የባልደረባችሁን ሁለት ቅጂ ያስቀምጥና ምረጡ ይላችኋል፤ የአንዱ ሰው ሥራ ይቀራል። ለእንደዚህ ዓይነት ፋይል መፍትሔው «አሁን እኔ ይዤዋለሁ» የሚል መቆለፊያ ነው። ሰብቨርዥን የሚባለው ሲስተም ይህን መቆለፊያ አብሮት ይዟል፤ መቆለፊያው የሚሠራው ግን ሰርቨሩ ሲገኝ ብቻ ነው። በፍላሽ የምትቀባበሉ ከሆነ መቆለፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ፋይሎቹን በሰው ተከፋፈሉ፤ የውሉ ሰነድ የእሷ ነው፣ የሥዕሉ ፋይል የእሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም።

የአማርኛ ጽሑፍ ለምትሠሩ፣ የድረ ገጽ ይዘትም ይሁን የትርጉም ፋይል፣ አንድ ትልቅ ምክር አለኝ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በራሱ መስመር ጻፉ፤ አራት ነጥብ ካስቀመጣችሁ በኋላ ኢንተር ምቱ። እነዚህ ሲስተሞች ልዩነትን የሚያሳዩት በመስመር ነው። አንቀጹ በሙሉ አንድ መስመር ከሆነ አንድ ፊደል ብታርሙ መላው አንቀጽ እንደተቀየረ ሆኖ ይታያል፤ ሁለት ሰው አንድ አንቀጽ ውስጥ የተለያየ ቦታ ቢነካም ይጋጫል። ማርክዳውንና ኤችቲኤምኤል ነጠላ መስመር መስበርን እንደ ባዶ ቦታ ስለሚቆጥሩት አንባቢው የሚያየው ጽሑፍ አይለወጥም። በቃል ደረጃ ልዩነቱን ማየት ስትፈልጉ ደግሞ «ጊት ዲፍ --ዎርድ-ዲፍ» አለ፤ ለአማርኛም በደንብ ይሠራል።

3. ምረጡ

አራቱን ብቻ አነሳለሁ። ሌሎችም አሉ፤ ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን እነዚህ ይበቃሉ።

ጊት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 (እ.ኤ.አ) ለሊነክስ ከርነል ሥራ የጻፈው ነው። እያንዳንዱ ክሎን፣ ማለትም የሪፖዚተሪው (ፋይሎቹና ታሪካቸው ያሉበት ማከማቻ) ቅጂ፣ ሙሉውን ታሪክ ይይዛል፤ ኮሚት፣ ብራንች (ለብቻ የሚሄድ የሥራ መስመር)፣ ሎግ (የኮሚቶች ዝርዝር)፣ ዲፍ (ልዩነት ማየት)፣ መርጅ (መቀላቀል) ሁሉ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ፕሮግራመር የሚያውቀው እሱን ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲቸግራችሁ ጎረቤት ቢሮ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለኦፍላይን ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው «ባንድል» የሚባለው ነገር ነው፤ ታሪኩን ወይም የታሪኩን ቁራጭ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣት ይችላል። ድክመቱ፣ የሥራ ዝርዝሩና ውይይቱ ጊት ውስጥ አለመኖሩ ነው። እነሱ ያሉት ጊትሃብ ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ኮዱ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ «ይህን ማን ይሥራ?» የሚለው ዝርዝር ግን አብሮ ይጠፋል።

ፎሲል። የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ፈጣሪ ሪቻርድ ሂፕ የሠራው ነው፤ የኤስኪውላይት ኮድ ራሱ የሚኖረው በፎሲል ነው። በጣም የምወድለት ነገር ሁለት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ፋይል ነው፤ መጫን አያስፈልገውም፣ ፍላሽ ላይ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ሁለተኛው፣ የሥራ ዝርዝሩ፣ ዊኪውና ኮዱ አንድ ላይ በአንድ የኤስኪውላይት ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስትቀባበሉም ሁሉም አብሮ ይሄዳል። «ፎሲል ዩአይ» ብትሉ ብራውዘር ተከፍቶ ታይምላይኑን፣ ቲኬቱን፣ ዊኪውን ያለ ምንም ኢንተርኔት ያሳያችኋል። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነና ደንበኛው «ጊትሃብ ላይ አስረክቡኝ» ካላላችሁ ፎሲልን ከልቤ እመክራለሁ። ኋላ ወደ ጊት መላክ ካስፈለገም «ፎሲል ጊት ኤክስፖርት» የሚባል ትእዛዝ አለው።

ሜርኩሪያል። ከጊት ጋር በአንድ ዓመት፣ በ2005፣ የተወለደ ነው። ለአዲስ ሰው ትእዛዞቹ ከጊት ይቀላሉ፤ ባንድልም አለው፤ «ኤችጂ ሰርቭ» ብላችሁ ላፕቶፓችሁን ለጎረቤት ሰርቨር ማድረግ ትችላላችሁ። ሆኖም ቢትባኬት የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ በ2020 ሜርኩሪያልን ማስተናገድ አቁሟል፤ ሞዚላም የፋየርፎክስን ኮድ ወደ ጊት አዛውሯል። የሚያውቀው ሰው በአካባቢያችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። ቡድናችሁ ቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ቀጥሉበት፤ አዲስ ከሆናችሁ እለፉት።

ሰብቨርዥን። ኦፍላይን ሲባል ወዲያው የሚጣለው እሱ ነው፤ ኮሚት ለማድረግም ሎግ ለማየትም ሰርቨሩ ያስፈልገዋል። የመጨረሻውን ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ስለሚያስቀምጥ እንደ ዲፍና ሪቨርት (ለውጥን መልሶ መሰረዝ) ያሉት ያለ ሰርቨር ይሠራሉ። ነገር ግን ሁኔታችሁ ሁለተኛው ከሆነ፣ ማለትም ሁላችሁም አንድ ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁና ሥራችሁ የአርክቴክቸር ሥዕል ወይም የዎርድ ሰነድ ከሆነ፣ ሰርቨሩን ቢሮው ውስጥ አድርጉትና ሰብቨርዥንን ተጠቀሙ። ከውጭ ያለው ኢንተርኔት ቢጠፋም አይነካችሁም፤ መቆለፊያውም ከሌሎቹ ይሻላል።

እንግዲህ በአጭሩ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ጊት ወይም ፎሲል፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮድ የምትሠሩ ከሆነ ጊትና የቢሮ ሰርቨር፤ በፍላሽ የምትቀባበሉ ከሆነ ጊት ከባንድል ጋር፤ የሥራ ዝርዝራችሁም አብሮ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ፎሲል። ከዚህ በኋላ ያለው በዋናነት ስለ ጊት ነው፤ አብዛኛው ሰው እሱ ላይ ስለሚያርፍ።

4. ኢንተርኔቱ እያለ የሚሠራ ዝግጅት

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጊት ታሪኩን ሁሉ ይይዛል ያልኩት ሙሉ ክሎን ካደረጋችሁ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ብዙ ሰው «--ዴፕዝ 1» ብሎ ያወርዳል፤ ያ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ያመጣል። ያላችሁ ቅጂ እንዲህ መሆኑን «ጊት ሬቭ-ፓርስ --ኢዝ-ሻሎው-ሪፖዚተሪ» ይነግራችኋል፤ «ትሩ» ካለ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ «ጊት ፌች --አንሻሎው» በሉ። «--ፊልተር» ተብሎ የወረደ ክሎን ደግሞ ይብሳል፤ የድሮ ፋይል ስትከፍቱ ያን ጊዜ ከሰርቨር ለማምጣት ይሞክራል፣ ኢንተርኔት ከሌለ ይቆማል።

ትልልቅ ፋይሎች በኤልኤፍኤስ (ትልልቅ ፋይሎችን ለብቻ በሚያስቀምጥ የጊት ተጨማሪ) የተቀመጡ ከሆነ ክሎኑ ውስጥ ያለው ጠቋሚ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ጊት ኤልኤፍኤስ ፌች --ኦል» በሉና ሁሉንም አውርዱ። ሰብሞዱል (ፕሮጀክቱ ውስጥ የተካተተ ሌላ ሪፖዚተሪ) ካለም «ጊት ሰብሞዱል አፕዴት --ኢኒት --ሪከርሲቭ» በሉ።

ኮዱ ኖሮ ላይብረሪው ከሌለም ሥራ የለም። ፓይተን ከሆነ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ጥቅሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አውርዱ። ግሬድል «--ኦፍላይን» የሚል አማራጭ አለው፤ የፍላተር «ፐብ ጌት»ም እንዲሁ። ኤንፒኤምም ቀድሞ ያወረደውን ካሽ ስለሚያስቀምጥ ካሹን አታጽዱ።

5. ማሽኖቹን አስተካክሉ

መጀመሪያ የአማርኛ ፋይል ስም። «ሪፖርት» የሚል ፋይል ፈጥራችሁ «ጊት ስታተስ» ብትሉ ጊት የሚያሳያችሁ \341\210\252 ብሎ የሚጀምር የቁጥር ሰንሰለት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ጊት ከአስኪ (ከመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጭ ያለን ፊደል ባይት በባይት ዘርዝሮ ስለሚጽፍ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ሪ» ብቻዋን እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ትሆናለች። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮውትፓዝ ፎልስ» በሉ፤ ስሙ በፊደላችን ይነበባል። በእያንዳንዱ ሰው ማሽን ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ሰዓቱን ራሱ አያርምም። የማዘርቦርዱ ጠፍጣፋ ባትሪ ያለቀበት ዴስክቶፕ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጊት የኮሚቶችን ቅደም ተከተል የሚያውቀው በቀን ሳይሆን እያንዳንዱ ኮሚት ወላጁን ስለሚጠቁም ነው፤ ታሪኩ አይበላሽም፣ ሎጉ ላይ ያለው ቀን ግን ትርጉም ያጣል። ፎሲል ጠበቅ ያለ ነው፤ አዲሱ ኮሚት ከወላጁ በቀን የሚቀድም ከሆነ «--አላው-ኦልደር» ካላላችሁት በቀር እምቢ ይላል። ጠዋት ማሽኑን ስታበሩ ሰዓቱን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፤ ባትሪውንም ለውጡ።

ሦስተኛው መብራት ነው። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ኮሚት እንዳደረጋችሁ መብራት ቢሄድ፣ አዲስ የተጻፈው የጊት ፋይል ዲስኩ ላይ ሳያርፍ ዜሮ ባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጊት ከ2.36 ጀምሮ «ኮር.ኤፍሲንክ» የሚል ቅንብር አለው፤ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኤፍሲንክ ኦል» ብትሉ እያንዳንዱን ነገር ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። ትንሽ ያዘገያል፤ ለእኛ መብራት ግን ተገቢ ዋጋ ነው። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ «ጊት ኤፍኤስሲኬ» ብላችሁ አረጋግጡ።

ፎሲልን ለመረጣችሁ፦ ሲፈጠር ጀምሮ ኮሚት ባደረጋችሁ ቁጥር ከሰርቨር ጋር ለመመሳሰል ይሞክራል። ሲያቅተው ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ኦፍላይን የምትከርሙ ከሆነ «ፎሲል ሴቲንግስ ኦቶሲንክ ኦፍ» በሉት፤ ስትገናኙ ራሳችሁ «ፎሲል ሲንክ» ትላላችሁ።

6. ከእጅ ወደ እጅ

ሦስት መንገድ አለ፤ በመጀመሪያው ላይ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እና ብዙ የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ።

ባንድል። በመጀመሪያው ቀን ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ «ጊት ባንድል ክሪኤት ሙሉ.ባንድል --ኦል» በሉ። ሙሉ ታሪኩ፣ ብራንቹም ታጉም፣ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ተቀባዩ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ «ጊት ክሎን ሙሉ.ባንድል ሥራ» ይላል፤ ልክ ከሰርቨር እንዳወረደው ይሆንለታል። ላኪው ደግሞ የት ድረስ እንደሰጠ ምልክት ያድርግ፦ «ጊት ታግ -ኤፍ ለሰላም ሜይን»። ሰላም የተቀባይዋ ስም ናት፤ ሜይን ዋናው ብራንች ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሚላከው አዲሱ ብቻ ነው፦ «ጊት ባንድል ክሪኤት ሐሙስ.ባንድል ለሰላም..ሜይን»። ይህ ፋይል ኮድ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጣም ትንሽ ነው፤ ጥቂት ዳታ ካላችሁ በቴሌግራም እንኳን ይሄዳል። ሰላም ከመቀበሏ በፊት «ጊት ባንድል ቬሪፋይ ሐሙስ.ባንድል» ትላለች። የቀደሙት ኮሚቶች እሷ ጋ ከሌሉ የጎደሉትን ለይቶ ይነግራታል። ካለፈ «ጊት ፑል ሐሙስ.ባንድል ሜይን»። ሲገባ ጊት እያንዳንዱን ነገር በሃሹ (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ቁጥር) ይፈትሸዋል፤ ፍላሹ ላይ የተበላሸ ፋይል ሳይታወቅ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ሥርዓት ጠብቁ። ታጉን ወደፊት የምታራምዱት ተቀባዩ «ገባልኝ» ካለ በኋላ ነው። በቃል አረጋግጡት፦

«ሰላምዬ፣ የሐሙሱ ገባልሽ?»

«ገብቷል፣ ቬሪፋዩም እሺ ብሏል። ታጉን አራምደው።»

ሳይረጋገጥ ከተራመደ የሚቀጥለው ባንድል እሷ ጋ ከሌለው ላይ ይጀምርና አይገባም። ብትጠራጠሩ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ላኩ፤ ቀድሞ ያለ ኮሚት ደግሞ ቢመጣ ምንም አይጎዳም።

ባንድልን የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የከተማችን ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ ይገባል፤ ሾርትከት ቫይረስ የነካው ፍላሽ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው አቋራጭ ይተክላል። በብዙ ፎልደር የተሠራ ሪፖዚተሪ እዚያ ውስጥ ቢኖር ብዙ ጣጣ ያመጣል። ባንድል አንድ ፋይል ነው፤ ቢጠፋም እንደገና ማውጣት ነው። ለሥራው የተለየ ፍላሽ ብትመድቡ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ፍላሹን ራሱን ሰርቨር ማድረግ። ሦስት ሰው ከሆናችሁና አንድ ፍላሽ የሚዞር ከሆነ «ጊት ኢኒት --ቤር» ብላችሁ ፍላሹ ላይ ባዶ ሪፖዚተሪ ፍጠሩ፤ ከዚያ እንደ ጊትሃብ ፑሽና ፑል (መላክና መቀበል) ነው። ሦስት ነገር ይገጥማችኋል። ዊንዶውስ ላይ ፍላሹ አንድ ቀን ኢ፣ ሌላ ቀን ኤፍ ሆኖ ይመጣል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ቋሚ ፊደል ስጡት። ሁለተኛው፣ ጊት ከ2022 የጸጥታ ማስተካከያ በኋላ ባለቤቱ ያልታወቀ ፎልደር ሲያይ «ዱቢየስ ኦውነርሺፕ» ብሎ ይቆማል፤ በፋት የተፎረመተ ፍላሽ ባለቤት ስለማይመዘግብ ይህ ይደጋገማል። የፍላሹን አድራሻ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል --አድ ሴፍ.ዳይሬክተሪ» ብላችሁ አስመዝግቡት። ሦስተኛው፣ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ታሪካችሁ ከባድ ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት። ፍላሹን ደግሞ ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉ፤ በዚህ አሠራር ፍላሹ የሁሉም መገናኛ ነው።

ሆትስፖት። ላፕቶፖቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ ፍላሽም አያስፈልግም። በስልካችሁ ሆትስፖት ክፈቱ፤ ሞባይል ዳታውን ግን ዝጉት። ካልዘጋችሁት የዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ዳታ ባይኖርም ሆትስፖቱን ይከፍታሉ፤ ሁለቱ ላፕቶፖች በዚያ ይተያያሉ። አንዱ ከሥራው በላይ ባለው ፎልደር ሆኖ «ጊት ዴመን --ቤዝ-ፓዝ=. --ኤክስፖርት-ኦል» ይላል፤ ሌላው በዚያ ላፕቶፕ አይፒ አድራሻ ፑል ያደርጋል። ፋየርዎል ከከለከለ 9418 የሚለውን ፖርት ፍቀዱለት። ይህ አገልግሎት ፓስዎርድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ካፌ ተቀምጣችሁ ከሆነ ሆትስፖቱ ጠንካራ ፓስዎርድ ይኑረው፣ ስትጨርሱም ዝጉት። በፎሲል ያው ሥራ «ፎሲል ሰርቨር» ነው፤ የሥራ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል።

ቋሚ ቢሮ ያላችሁ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ አንድ ጥግ አስቀምጡና ጊቲአ የሚባለውን ጫኑበት። እንደ ጊትሃብ ገጽ፣ ኢሹ፣ ፑል ሪኩዌስት ያለው፣ ቀለል ያለ፣ በቢሮው ዋይፋይ የሚሠራ ነው። ባትሪው ጤነኛ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል፤ መብራት ሲሄድ ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ያገለግላል።

ሁለት ክልከላ ልጨምር። የጊት ፎልደሩን ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ውስጥ አድርጋችሁ በእሱ አትመሳሰሉ፤ ግማሹ ሄዶ ግማሹ ሲቀር ሪፖዚተሪው ይበላሻል። የፎሲልንም ፋይል አንዱ ከሌላው ላይ በኮፒና ፔስት አትገልብጡ፤ የተቀባዩ ሥራ ይሰረዛል። «ፎሲል ፑል» ብላችሁ የፍላሹን ፋይል አድራሻ ስጡት፤ እሱ ይቀላቅለዋል።

7. ተለያይታችሁ ስትከርሙ

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው የአንድን ፋይል አንድ ቦታ ቢነካ ይጋጫል። የሚያቀለው አሠራር ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው በስሙ በተሰየመ ብራንች ይሥራ፤ ሜይንን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ መርጁም ሁለቱ አብረው በተቀመጡበት ይደረግ። ኮሚታችሁን አነስ አነስ አድርጉት፤ መልእክቱንም ሌላው ሰው በስልክ ደውሎ ሳይጠይቃችሁ እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉ። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ጊት ዩቲኤፍ-8 ይቀበላል።

የይለፍ ቃል፣ የባንክ ወይም የቴሌብር መክፈያ ቁልፍ ኮሚት አታድርጉ። ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ይወድቃል፤ የወደቀው ፍላሽ ላይ ያለው የዛሬው ኮድ ብቻ ሳይሆን የሥራው ሙሉ ታሪክ ነው። ከተቻለ ፍላሹን በቢትሎከር ወይም በቬራክሪፕት ቆልፉት።

8. ፈትኑት

አንድ የሥራ ቀን ምረጡና ጠዋት ራውተሩን ከኢንተርኔት ገመዱ ንቀሉት፤ የሁሉንም ሰው ሞባይል ዳታ ዝጉ። እስከ ማታ እንደ ወትሮው ሥሩ፦ የድሮ ታሪክ ፈልጉ፣ ብራንች ክፈቱ፣ ፕሮጀክቱን ከዜሮ ቢልድ አድርጉ፣ ተቀባበሉ፣ መርጅ አድርጉ። የቆመባችሁን ነገር ሁሉ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ጊት ሳይሆን ያልወረደ ላይብረሪ ወይም ኦንላይን ብቻ ያለ የሥራ ዝርዝር ነው።

ከዚያ የመጨረሻውን ሙሉ ባንድል የያዘውን ፍላሽ ይህን ፕሮጀክት አይቶ የማያውቅ ላፕቶፕ ላይ ሰኩትና ከእሱ ብቻ ክሎን አድርጉ። ፕሮጀክቱ ተነሥቶ ከሠራ ገመዱን መልሱ። ካልሠራ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱና የጎደለውን አውርዳችሁ ሌላ ቀን ደግማችሁ ንቀሉት።